የከተማ ቆሻሻ የት ይሂድ? ለትንንሽ ከተሞች የማስወገጃ መንገዶች ንጽጽር

ከ20 ሺህ እስከ 100 ሺህ ነዋሪ ያለው የከተማ አስተዳደር ስለ ቆሻሻ ሊመክር ሲቀመጥ የሚቀርቡለት ሐሳቦች እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንዱ ማቃጠያ ማሽን ይዞ ይመጣል። ሌላው ኮምፖስት ነው መፍትሔው ይላል። አማካሪ መሐንዲሱ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ዘመናዊ ማስወገጃ ዲዛይን ይዘረጋል። ጽዳትና ውበት ክፍሉን የሚያስጨንቀው ደግሞ ነገ ጠዋት ገንዳዎቹን የሚያራግፍበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ የራሱ ዘዴ ሲሠራ ያለውን ጥቅም ይናገራል፤ ሲበላሽ የሚያስከትለውን ጣጣ የሚናገር ግን የለም። የከተማን ገንዘብ የሚጨርሰውና ወንዝ የሚመርዘው ይኸው ያልተነገረው ክፍል ነው።

በምን እንመዝን?

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቆሻሻችን ምን ያህል እርጥብ ነው? ዘዴው መሬትና የከርሰ ምድር ውሃን ምን ያደርጋል? ወደ አየር ምን ይለቃል? ተገንብቶ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ ምን ያህል ገንዘብና ምን ዓይነት ባለሙያ ይጠይቃል? አምስተኛው፣ ከሁሉም በላይ ክብደት ልንሰጠው የሚገባው፣ ዶዘሩ ተሰብሮ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ወይም በጀቱ ዘግይቶ ሥራው ለሁለት ወር ቢቆም ምን ይፈጠራል? የሚል ነው። ለአነስተኛ ከተማ ጥሩ ዘዴ ሲቆምም ጉዳቱ ትንሽ የሆነ ዘዴ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በመመዘን ነው። የሌላ ከተማ ጥናት መገልበጥ አይጠቅምም። በበጋ 7 ተከታታይ ቀን፣ በክረምት 7 ተከታታይ ቀን የገባውን መኪና ሁሉ በምድር ሚዛን መዝኑ። ሚዛን ከሌለ ገንዳ ቁጠሩ፦ 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ በሰው እጅ ሲሞላ በግምት 2.8 ቶን ይይዛል። ከዚያ ከየሰፈሩ የመጣውን በሸራ ላይ አፍስሱና ቀላቅሉት፤ ለአራት ከፍላችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ክፍሎች አስወግዱ። 100 ኪሎ ገደማ እስኪቀር ይህን ደጋግሙ። የቀረውን የሚበሰብስ፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ብረትና ጠርሙስ፣ አመድና አፈር፣ ሌላ ብላችሁ ለዩና እያንዳንዱን መዝኑ። አመድና አፈሩን መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ በከሰል በሚያበስል ከተማ ክብደቱ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ የ50 ሺህ ሰው ከተማ እንውሰድ። አንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ቢያወጣ በቀን 20 ቶን ወይም ሰባት ገንዳ ይሆናል። ከዚህ 12 ቶኑ የሚበሰብስ፣ 2 ቶኑ ቆራሌውና ልዋጭ የሚፈልጉት ዕቃ፣ የቀረው 6 ቶን የማይረባ ትራፊ ነው እንበል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በዚህ ምሳሌ ላይ ይመሠረታል።

ሜዳ ላይ መጣልና ማቃጠል

ይህ የብዙ ከተሞች የዛሬ ምርጫ ስለሆነ እንደ አማራጭ መፈተሽ አለበት። ርካሽ የሚመስለው ጉዳቱ በሌላ መዝገብ ስለሚወራረድ ነው። ከትኩስ ቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው፤ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ያፍናል፣ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ለዓመታት አይወጣም። ክምሩ ሲጨስ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከቆሻሻው ጋር የሚነደው የቧንቧ ፕላስቲክ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ዳዮክሲን በሣር ላይ ያርፋል፣ ከሣሩ ወደ ላም ስብና ወተት፣ ከዚያም ወደ ልጆች ይደርሳል።

ሊባኖስ የ10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር አገር ናት፤ በርካታ እህቶቻችን የሚሠሩባት ስለሆነች ነገሩን በቅርብ ያዩት ብዙ ናቸው። የቤይሩትንና የአካባቢዋን ቆሻሻ ይቀበል የነበረው የናዕሜ ማስወገጃ ለጊዜው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ሲዘጋ ሌላ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም፤ ከተማዋ በጎዳና ላይ ክምር ተዋጠች። በአገሪቱ የተቆጠሩት ክፍት መጣያዎች ከ900 በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ ይቃጠሉ ነበር። ትንሽ አገርም ሆነ ትንሽ ከተማ ሩቅ ቦታ የለውም፤ የአንዱ ጢስ የሌላው ደጅ ላይ ነው።

የአዲስ አበባው ቆሼ ያሳየን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ያልተጠቀጠቀ፣ ውሃ የጠጣ ክምር እንደ አፈር ተራራ ይናዳል። ዛሬ ሌላ አቅም የሌለው ከተማ እንኳ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፦ የክምሩን ጎን ቢያንስ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር አግድም እንዲሆን ማስተኛት፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ዙሪያውን ማስዞር፣ ከግርጌው ቤት ማስነሳት።

ዘመናዊ ማስወገጃ፣ የተነጠፈው ጉድጓድ

አሠራሩ የታወቀ ነው። ከታች በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር የተጠቀጠቀ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ሸክላ አፈር፣ በላዩ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ)፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠርና ፍሳሹን ወደ ኩሬ የሚወስድ የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል። የጉድጓዱ ወለል በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የገባው ቆሻሻ በየቀኑ በቀጭኑ ተዘርግቶ ይጠቀጠቃል፤ ማታ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ንብርብር ሳይዘረጋ ዶዘሩ በጂኦሜምብሬኑ ላይ ይነዳል፤ አንድ ቀዳዳ ሚሊዮኖች የወጣበትን ንጣፍ ከንቱ ያደርገዋል። የመጀመሪያው አንድ ሜትር ከብረትና ከግንባታ ፍርስራሽ የተለየ ለስላሳ ቆሻሻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የፍሳሽ ኩሬው በዓመት አማካይ ዝናብ ተሰልቶ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሞልቶ ይፈሳል። በሁለቱ ወራት ዝናብ አስሉት፤ ገና ቆሻሻ ባልገባበት ክፍል ላይ የሚወርደውን ንጹሕ ዝናብም ለይታችሁ አስወጡ። ሦስተኛ፣ ዶዘሩ ይሰበራል፣ አፈር መልበሱ ይቀራል፤ በስድስት ወር ውስጥ ቦታው ንጣፍ ያለው ሜዳ መጣያ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። በጥልቀት ተጠቅጥቆ አየር ያጣ የሚበሰብስ ቆሻሻ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያመርታል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በዓለም አቀፍ የልቀት ስሌት ጥልቀቱ ከ5 ሜትር በታች የሆነ ክፍት መጣያ የሚሰጠው የሚቴን መጠን በደንብ የተጠቀጠቀ ጉድጓድ ከሚሰጠው 40 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዙን ሰብስቦ የማያቃጥል ዘመናዊ ማስወገጃ ለወንዙ መልካም፣ ለአየሩ ግን ከቀድሞው የባሰ ነው። ፕሮጀክቱ ላይ የጋዝ መሰብሰቢያ ከሌለበት የሚበሰብሰውን ቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው።

ስለ ቦታ ስፋት፦ 20 ቶኑ ሁሉ ቢገባ ከአፈር ልብሱ ጋር በዓመት 12,500 ሜትር ኩብ ያህል ይሞላል። 6 ቶኑ ትራፊ ብቻ ቢገባ 3,750 ገደማ። ለ10 ዓመት የታሰበው ጉድጓድ ከ30 ዓመት በላይ ይቆያል ማለት ነው። የትኛውም መሐንዲስ በዲዛይን ይህን ያህል ዕድሜ ሊጨምርለት አይችልም።

የፉኩኦካ ዘዴ

ጃፓን ውስጥ በፉኩኦካ ከተማና ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ቆሼም ላይ ሥራ ላይ ውሏል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከሥር ያለው የፍሳሽ ቱቦ ሰፊ ይሁን፣ ፍሳሽ ሲያወጣ አየርም ያስገባ። ቆሻሻው ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ሞቃቱ ጋዝ በቁም ቱቦዎች ይወጣል፣ በቦታው ንጹሕ አየር ከታች ይሳባል። አየሩን ለማስገባት ሞተር አያስፈልግም። የሚቴኑ መጠን በስሌት በግማሽ ይቀንሳል፤ ፍሳሹም ቶሎ ይጠራል።

ወለሉ 2 በመቶ ያህል ተዳፋት ይኑረው። ዋናው የተበሳሳ ቱቦ በመሐል ይዘረጋና በሁለቱም ጎን ቅርንጫፎች በየ20 ሜትሩ ይገናኙታል፤ ሁሉም ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ድንጋይ ይሸፈናሉ። መገናኛው ላይ የቁም ቱቦ ይቆማል። ውድ ቱቦ አያስፈልግም፦ ክዳንና ታቹ የተቆረጠ አሮጌ በርሜል መሐሉ ላይ የተበሳሳ ቱቦ ወይም ቀርከሃ ቆሞበት ዙሪያው በድንጋይ ይሞላል፤ ቆሻሻው ከፍ ሲል በርሜሉ ወደ ላይ እየተሳበ ድንጋይ ይጨመራል።

ዘዴውን የሚገድለው አንድ ነገር ነው፦ የዋናው ቱቦ አፍ። አፉ ኩሬው ውስጥ ከሰመጠ አየር መግባት ያቆማል፣ ቦታውም ተራ ጉድጓድ ይሆናል። በኩሬው ግድግዳ ላይ ከቱቦው አፍ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀይ ምልክት ይቀባ፤ ዘበኛው በየቀኑ ያንን ይመልከት። የኩሬውን ፍሳሽ የሚያወጣው ፓምፕ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ነው። በክረምት የሸክላ አፈር ልብስ አየሩን ስለሚዘጋ ጠጠራማ አፈር ወይም ያለቀለት ኮምፖስት ይመረጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ከሆነ ወይም አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ፉኩኦካም ቢሆን የሸክላ ወይም የጂኦሜምብሬን ንጣፍ ያስፈልገዋል።

ኮምፖስት

በእኛ ከተሞች ከሁሉ የላቀ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ በብዛት ተጀምሮ የሚቆመውም ይኸው ነው። የሚቆመው ደግሞ ከተማው ከሁሉም ቤት የተቀላቀለ ቆሻሻ አምጥቶ ኮምፖስት ጣቢያው ላይ እለያለሁ ስለሚል ነው። ባትሪ፣ ጠርሙስ ስባሪና የሕክምና መርፌ አንዴ ከበሰበሰው ጋር ከተዋሐደ አይወጣም፣ ገበሬውም በባዶ እግሩ የሚረግጠውን ማሳ በዚያ አያለብስም። ከጥቂት ንጹሕ ምንጮች ጀምሩ፦ አትክልት ተራ፣ ጭማቂ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የጫት መሸጫዎች። የጫት ገረባ በብዙ ከተማ ገንዳ ከሚሞሉት ነገሮች ዋናው ነው፤ ሳይቆረጥ ከተከመረ ሳይበሰብስ ወራት ይቆያል፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ከተቆረጠ ግን አየር የሚያስገባ ጥሩ ድብልቅ ነው።

አሠራሩ፦ ሁለት እጅ እርጥብ የአትክልት ትርፍ ከአንድ እጅ ገረባ፣ ሰጋቱራ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ጋር ይቀላቀል። ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር የሆነ ረድፍ ይሠራ። እርጥበቱን በእጅ ጨብጦ መፈተሽ ይቻላል፦ ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ውሃው ከወረደ ደረቅ ይጨመር፣ ምንም ካልወጣ ውሃ ይረጭ። በሦስተኛው ቀን ውስጡ ከ55 ዲግሪ ማለፍ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ የብረት ዘንግ ለ10 ደቂቃ ተክሎ ማውጣት ነው፤ በእጅ ይዞ መቆየት ካልተቻለ እየሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት አምስት ጊዜ ይገላበጥ፤ ጀርምና የአረም ዘር የሚሞተው ዳር ያለው ወደ መሐል ሲገባ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ እየተገላበጠ 8 ሳምንት፣ ቀጥሎ ለማብሰያ አንድ ወር። በመጨረሻ በ1 ሴንቲ ሜትር ወንፊት ይነፋ።

የአሞኒያ ሽታ ከመጣ አመድ ወይም ፍግ በዝቷል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ አየር አጥሮታል። ጣሪያ የሌለው ጣቢያ በክረምት ወደ ጭቃ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ረድፎች ቆርቆሮ ይሠራ።

ከ12 ቶን እርጥብ ቆሻሻ ከ3 እስከ 4 ቶን ኮምፖስት ይወጣል፤ ለሥራው ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር ቦታና 35 ያህል ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከሽያጩ ብቻ ወጪው ይሸፈናል ብሎ የሚያቅድ የኮምፖስት አምራቾች ማህበር ይከስራል። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጫን ማጓጓዣው ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይበላዋል። ከተማው ለማህበሩ በቶን ሊከፍል ይገባል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቶን ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። ሲቆም ደግሞ ክምሩ ይሸታል እንጂ አይናድም፣ አይመርዝም። ሥራውን ከቆመበት መቀጠል ይቻላል።

ባዮጋዝ

ባዮጋዝ ማለት የሚበሰብስ ትራፊን አየር በሌለው ጉድጓድ አብስብሶ የሚነድ ጋዝ ማውጣት ነው። ለከተማ ሁሉ ሳይሆን ለቄራ፣ ለዩኒቨርሲቲና ለማረሚያ ቤት ወጥ ቤት የሚመጥን ነው። የቄራ ፈርስና የወጥ ቤት ትራፊ ንጹሕ፣ ብዙና በአንድ ቦታ የሚገኝ ነው። አንድ ቶን የምግብ ትራፊ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ጥንቃቄው ሁለት ነው። የመጀመሪያው አሸዋና ፌስታል እንዳይገባ ነው፤ ከሥር ሲጠራቀሙ ጉድጓዱን ከፍቶ ከመጥረግ በቀር መውጫ የለም። ሁለተኛው አሲድ ነው፦ እንጀራና አተላ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባ ጋዙ መንደድ ያቆማል። ያኔ ለሳምንት ምግብ መስጠት ማቆም፣ አዲስ የላም እበት መጨመር፣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ6.8 በላይ እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

ማቃጠያ ፋብሪካ

ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲነድ በዓመት አማካይ በኪሎ 7 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሊኖረው ይገባል። ግማሹ ውሃ የሆነ የእኛ ቆሻሻ፣ በተለይ በክረምት፣ እዚያ አይደርስም። ጭሱ ከ850 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ ካልቆየ ዳዮክሲን ይወጣል፤ የጭስ ማጣሪያው ደግሞ ከፋብሪካው ዋጋ ትልቅ ክፍል ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተመረቀው የረጲ ማቃጠያ ፋብሪካ በቀን 1,400 ቶን እንዲቀበል የታቀደ ነው፤ የምሳሌያችን ከተማ 70 እጥፍ። በዚህ መጠንና በዋና ከተማ የሚታሰብ ነገር ወደ 20 ቶን ሲወርድ ስሌቱ ይፈርሳል።

ሲንጋፖር ይህን መንገድ የመረጠችው መሬት ስለሌላት ነው። የሚቃጠለው በመጠን ወደ 10 በመቶ ይወርድና አመዱ ከማይቃጠለው ጋር በጀልባ ወደ ሴማካው ይወሰዳል፤ ሴማካው 7 ኪሎ ሜትር ግድብ ታጥሮለት ባሕር ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ ማስወገጃ ነው። ያ ሁሉ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2035 ገደማ ይሞላል ተብሎ ይጠበቃል። ማቃጠያ የገዛ ከተማ ለአመዱ ጉድጓድ መቆፈሩ አይቀርም፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ደቃቅ አመድ ደግሞ መርዛማ ነው።

ከጡብ ወይም ከበርሜል የተሠራ ትንሽ ማቃጠያ ለከተማ ቆሻሻ አይሁን። የጤና ተቋማት ቆሻሻ የራሱ መንገድ ስላለው እዚህ ውስጥ አይቀላቀል።

ከምንጩ መቀነስ

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ፌስታልን፣ በ2019 ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ፕላስቲኮችን በሕግ ከለከለች። ቦዮቿ ጸድተዋል፣ ከብቶቿም ከፌስታል ተርፈዋል። የኪጋሊ ቆሻሻ ግን ንዱባ ወደሚባለው መጣያ መሄዱን ቀጠለ፤ አብዛኛው የሚበሰብስ ነውና። እገዳ ፕላስቲኩን ይፈታል፣ እርጥቡን አይነካም። ለሃይላንድ ጠርሙስና ለካርቶን የቆራሌው መረብ አስቀድሞ አለ፤ ከተማው ሊያደርግ የሚገባው የማከማቻ ሼድና ሚዛን መስጠት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

የወጪ ግምቱ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዝቅተኛና ለዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ አገሮች ካወጣው የተወሰደ ነው፤ ለደረጃ ማነጻጸሪያ እንጂ ለጨረታ አያገለግልም።

| መንገድ | ውሃና መሬት | አየር | ወጪ በቶን (ዶላር) | ሥራው ሲቆም |
|---|---|---|---|---|
| ሜዳ ላይ መጣል | በጣም ይጎዳል | ጢስ፣ ሚቴን | ከ2 እስከ 8 | ልዩነት የለውም፣ ይናዳል |
| የተነጠፈ ጉድጓድ | ይጠብቃል | ጋዝ ካልተሰበሰበ ከፍተኛ ሚቴን | ከ10 እስከ 30 | በወራት ወደ ሜዳ መጣያ ይመለሳል |
| ፉኩኦካ | አፈሩ ከረዳ ጥሩ | ሚቴን በግማሽ ያነሰ | ከተነጠፈው ያነሰ | የቱቦው አፍ ካልተዘጋ ይቀጥላል |
| ኮምፖስት | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ከ5 እስከ 30 | ይሸታል፣ ይቀጥላል |
| ባዮጋዝ | ጥሩ | ጋዙ ከተቃጠለ ጥሩ | ከ20 እስከ 80 | ማስነሻው ሳምንታት ይወስዳል |
| ማቃጠያ | አመዱ ጉድጓድ ይሻል | በማጣሪያው ይወሰናል | ከ40 እስከ 100 | 20 ቶኑ በዚያው ቀን ጎዳና ላይ ይቀራል |

ለማን የቱ ይሻላል?

እስከ 20 ሺህ ነዋሪና ምንም የካፒታል በጀት ለሌለው ከተማ፦ የገበያውን ቆሻሻ ብቻ ኮምፖስት ማድረግ፣ የቀረውን ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ባልበለጠና ውሃ በማይነካው ቦይ ውስጥ እየቀበሩ አፈር ማልበስ። ለዚህ ኤክስካቫተር በወር አንድ ቀን መከራየት ይበቃል።

ከ20 እስከ 100 ሺህ፦ ኮምፖስትና ፉኩኦካ ጎን ለጎን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ። ቄራ ካለ ለብቻው ባዮጋዝ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኮምፖስቱ ይቅደም፤ ጉድጓዱን የሚያሳንሰው እሱ ነውና።

ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ያለ፣ ወይም የመጠጥ ውሃውን ከጉድጓድ የሚቀዳ ከተማ፦ ንጣፉ ላይ አይቆጥብ። ከጎረቤት ከተሞች ጋር አንድ የጋራ የተነጠፈ ማስወገጃ ይሥራ። ግን ማጓጓዣውን ያስላ፤ የቆሻሻ በጀት ከግማሽ በላይ የሚያልቀው መሰብሰብና ማጓጓዝ ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ በአቅራቢያው ካለ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ይራቅ፤ አባ ኮዳና አሞራ ክምር ላይ ይሰበሰባሉ።

ከ500 ሺህ በላይ፦ ጋዝ የሚሰበስብ ዘመናዊ ማስወገጃ ከትልልቅ ኮምፖስት ጣቢያዎች ጋር። ማቃጠያ የሚታሰበው እርጥቡ ተለይቶ ወጥቶ የቀረው ለሁለት ዓመት ተመዝኖ በኪሎ 7 ሜጋጁል መድረሱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

አሮጌው መጣያ

አዲሱ ሲከፈት የድሮው ተትቶ አይኬድም። ጎኑ ይስተኛ፣ በላዩ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈርና 15 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ይልበስ፣ ጫፉ ውሃ እንዳይቋጥር 3 በመቶ ተዳፋት ይያዝለት፣ ሥሩ ጥልቅ ያልሆነ ሣር ይተከልበት። የጋዝ መውጫ ቱቦዎች ይቁሙለት፤ በላዩ ቤት አይሠራበት፣ ከብትም አይሰማራበት። የከርሰ ምድር ውሃው ከሚመጣበት ከላይ በኩል አንድ፣ ከሚሄድበት ከታች በኩል ሁለት የመከታተያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና በክረምት፣ ለአሞኒያ፣ ለናይትሬትና ለክሎራይድ ይመርመር። የታችኞቹ ውጤት ከላይኛው እየራቀ ከሄደ በዚያ አቅጣጫ ያሉ የመጠጥ ጉድጓዶች ቀድመው ይዘጉ፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።